ሐይቁ የሕዝብ ነው፤ ዳርቻውስ?

ከሌሊቱ 11 ሰዓት አውቶቡስ ተራ ነቅቷል። ረዳቶች የከተማ ስም እየጠሩ ይጮኻሉ። ተሸካሚዎች ሻንጣና ማዳበሪያ ይቀባበላሉ። ቆሎና ሶፍት የያዙ ልጆች በመስኮት ሥር ይሯሯጣሉ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱን «ጉዞ ወዴት ነው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ ቅርብ ነው፦ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የታመመ ወላጅ፣ ንግሥ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ዕቃ ማምጣት። «ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ዓሣ ልበላ፣ ልጆቼን ጀልባ ላሳፍር ነው» የሚል ሰው ግን በዚያ ግርግር ውስጥ ተፈልጎም አይገኝ።

የመርካቶ ሰው አይጓዝም ማለት አይደለም። በመስቀል ሰሞን ሱቆች ተዘግተው ገበያው ጭር የሚለው ነጋዴው ወደ ጉራጌ ስለሚወርድ ነው። ታኅሣሥ ሲመጣ ቁልቢ የሚሄደው ብዙ ነው። ይህ ሁሉ ጉዞ ግን የግዴታ ጉዞ ነው፦ ለቤተሰብ፣ ለእምነት፣ ለወግ። ደስታ ቢኖርበትም ስጦታው፣ ክትፎው፣ ስለቱና ወጪው ሰውዬውን ከሄደበት ይልቅ ደክሞት ይመልሰዋል። ለራስ ማረፍ ብቻ የሚደረግ ጉዞ የሌላ ሰው ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል፤ የዲያስፖራ፣ የባለ መኪና፣ የስብሰባ አበል ያለው ሰው።

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። አገሪቱ ስለ ቱሪዝም እንደ ዛሬው ብዙ የተወራባት ጊዜ የለም። ጎርጎራ፣ ወንጪ፣ ኮይሻ እየተባለ በገበታ ለሀገር የተሠራው ሥራ በቴሌቪዥን ሲታይ ያምራል። ነገር ግን ከአውቶቡስ ተራ ተሳፍሮ፣ በራሱ ገንዘብ፣ ልጆቹን ይዞ አንድ ቀን ሐይቅ ዳር ውሎ መመለስ ለሚፈልግ ሰው ምን ተሠራለት?

*ዕረፍት ቅንጦት ነው?*

ሕጉ አይልም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ንዑስ አንቀጽ 2 ሠራተኞች የዕረፍትና የመዝናኛ ጊዜ፣ ክፍያ ያለው የዓመት ፈቃድም የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። በየሁለት ዓመቱም አንድ ቀን ይጨመርበታል።

በተግባር ግን ብዙ ሠራተኛ ፈቃዱን የሚጠቀምበት ቤት ለመቀባት፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለማስመዝገብና ለቅሶ ለመድረስ ነው። የአውቶቡስ ተራ ተሸካሚ፣ የምናለሽ ተራ ቸርቻሪ፣ የጀበና ቡና የምትሸጥ እናት ደግሞ ፈቃድ የሚሰጣቸው አሠሪም የላቸውም። እነሱ አንድ ቀን ካረፉ የአንድ ቀን እንጀራ ይቀራል። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች ዕረፍት ሊሆን የሚችለው አጭር፣ ቅርብና ርካሽ ከሆነ ብቻ ነው። የሚያሳዝነው እንዲህ ያለው ዕረፍት የሚገኝበት ቦታ መኖሩ ነው። ቦታው አለ፤ መድረሻው ነው የጠፋው።

*በአውቶቡስ ዋጋ የሚደረስበት*

መርካቶ የበረሃ ሐይቅን የሚያውቀው በጨው ነው። በአፋር ምድር፣ ከባሕር ጠለል በታች ካለው ከአፍዴራ ሐይቅ የሚመረተው ጨው በገበያው ውስጥ ያልፋል፣ በየቤቱ ወጥ ውስጥ ይገባል። አፍዴራ ራሱ ዳርቻው ላይ ፍል ውኃ ያለው ድንቅ ቦታ ነው፤ ግን ሩቅ ነው፣ ሙቀቱም አይቻልም። ለአዲስ አበባ ሰው የሚቀርበው ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወርደው መስመር ነው። ግራር የበቀለበት፣ አቧራማ፣ ደረቅ ስምጥ ሸለቆ ነው፤ በመካከሉ ግን ሐይቅ በሐይቅ ላይ ተደርድሯል።

የደቡብ መስመር መኪኖች ዛሬ በአብዛኛው የሚነሱት ከቃሊቲ መናኸሪያ ነው። አውቶቡስ ተራ ሥራውን ለቃሊቲ፣ ለላምበረት፣ ለአስኮና ለአየር ጤና ቢያካፍልም የጉዞ ሁሉ ስም ሆኖ ቀርቷል። ማለዳ የወጣ ሰው 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባቱ ይደርሳል፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ዝዋይ የሚላት ከተማ ናት። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው የፍጥነት መንገድ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ጉዞው አጥሯል።

ባቱ ላይ ምን ይሠራል? ከሁሉ በፊት ዓሣ ይበላል። ቆሮሶ ጥብስ፣ የዓሣ ሾርባ፣ ዓሣ ጎረድ ጎረድ በአዋዜ። አባ ኮዳዎቹ የዓሣውን አንጀት ለመሻማት ዳርቻው ላይ እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ሲቆሙ ማየት ለሕፃናት ከሲኒማ ይበልጣል። ጊዜ ያለው በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ይሻገራል። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽቶ የቆየበት እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። የሐይቁ ሕዝብ የሆኑት ዛዮች ለዘመናት ቋንቋቸውን ጠብቀው የኖሩት በእነዚህ ደሴቶች ላይ ነው። ይህን ሁሉ ለማየት የአንድ ቀን ጉዞ በቂ ነው።

ጥቂት ወረድ ሲሉ ላንጋኖ አለ። ውኃው ቡናማ ስለሆነ መጀመሪያ ያየው ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል፤ ቀለሙ ግን ከደለል የመጣ ነው። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል ለዋና የሚመረጠው እሱ ነው። በሌሎቹ ላይ ግን፣ በተለይ በዝዋይ፣ ቢልሃርዚያ ስላለ ውኃ ውስጥ መግባት አይመከርም። ጉማሬ ባለበት ደግሞ ዳርቻው ላይ መንቦጫረቅም አደጋ አለው።

ከመንገዱ በስተ ምዕራብ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ጥልቁ ነው። በዳርቻው የሚፈልቀው ፍል ውኃ በቆሎ ይቀቅላል። ቀዝቀዝ ባለበት ቦታ ደግሞ ሰው ወገቡንና ጉልበቱን ይታጠብበታል። ለእግር ጉዞ፣ ወፍ ለማየት፣ ለልጆች የምድር ሙቀት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ የትምህርት ክፍል የለም።

የመስመሩ ማረፊያ ሐዋሳ ናት፤ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል። አንድ ሌሊት ማደር የሚችል ሰው ጠዋት አሞራ ገደል ይውረድ። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ይዘው ሲመለሱ፣ ዓሣው እዚያው ሲበለት፣ ጦጣዎቹ ከሰው እጅ ሲቀሙ ያያል። ከሰዓት በኋላ ጀልባ ተከራይቶ ጉማሬ ማየት፣ ሲበርድ ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ከተማዋንና ሐይቁን ማየት፣ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ከሕዝቡ ጋር ወዲያ ወዲህ ማለት ይቻላል። ሐዋሳን ከሌሎቹ የሚለያት ይህ የመጨረሻው ነገር ነው። ሐብታሙም ድሃውም በአንድ መንገድ፣ በአንድ ዳርቻ ይሄዳል። ሊስትሮውም ባለ ሆቴሉም ያንኑ ጀምበር ስትጠልቅ ያያሉ።

*አጥሩ*

በሌሎች ቦታዎች ግን እንዲህ አይደለም። ለአዲስ አበባ ቅርብ የሆኑትን የቢሾፍቱን ሐይቆች ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። በባቦጋያ ዙሪያ ሎጅና የግል ቤት ተያይዘው ቆመዋል። ብዙ ጊዜ ውኃውን በቅርብ ለማየት በአንድ በር መግባት፣ በሩም ላይ መክፈል ግድ ነው። በላንጋኖ ዳርቻም ምቹው አሸዋ ያለው በአብዛኛው በመዝናኛዎቹ ቅጥር ውስጥ ነው። በአንዳንዶቹ የአንድ ሌሊት ዋጋ ከአንድ ዝቅተኛ ተከፋይ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ይበልጣል።

የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ የውኃ ሀብት በሙሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ስለ መሬትና ስለ ተፈጥሮ ሀብት የሚለው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ሐይቁ የሕዝብ ከሆነ፣ ሕዝቡ ግን እግሩን የሚያሳርፍበት አንድ ስንዝር ዳርቻ ካጣ፣ ባለቤትነቱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ጉድጓዱ የኔ ነው፣ ገመዱ ግን በጎረቤት እጅ ነው እንደማለት።

«ሎጅ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል፣ ለአካባቢው ልጆች ሥራ ይፈጥራል» የሚል መልስ ይሰጣል። እውነት ነው። ባለሀብቱ ያለማው ግቢ ንጹሕ ነው፣ መጸዳጃ አለው፣ ዛፍ ተክሏል፤ ክፍት የተተወው ዳርቻ ግን ብዙ ጊዜ የፕላስቲክና የቆሻሻ መጣያ ነው። ይህ ክርክር የሚያሳየው ግን ሎጅ መኖር እንዳለበት ነው እንጂ የሕዝብ ዳርቻ መጥፋት እንዳለበት አይደለም። የሕዝቡ ዳርቻ የቆሸሸው ሕዝብ ስለገባበት ሳይሆን የሚያጸዳው ባለቤት ስላልተመደበለት ነው። የሐዋሳው ፍቅር ሐይቅ ይህንን ይመሰክራል።

ሌላው አጥር የመንገድ ሰላም ነው። በየአቅጣጫው እገታና ተኩስ በሚወራበት ጊዜ አባወራ ልጆቹን ይዞ ለመዝናናት አይወጣም። አውሮፕላን የሚሳፈረው እንግዳ ከላይ ያልፋል፤ የአውቶቡሱ ተሳፋሪ ግን ከሹፌር ወሬ ጠይቆ፣ በልቡ ጸልዮ ነው የሚጓዘው። ሰላም ሳይኖር ስለ አገር ውስጥ ቱሪዝም ማውራት መኪና ሳይኖር ትኬት መቁረጥ ነው።

ሦስተኛው ከአጥርም ይከፋል፦ ሐይቁ ራሱ እየሄደ ነው። አብያታ ባለፉት አሥርት ዓመታት ክፉኛ ሸሽቷል። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ ይደርሰው የነበረው ውኃ ላይኛው ተፋሰስ ላይ በመስኖ እየተጠለፈ ነው። የሶዳ አሽ ፋብሪካው ደግሞ ከሐይቁ ውኃ ሲስብ ቆይቷል። ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው አለቀ። በሻላ ደሴቶች ላይ እየጎጆ አብያታ ድረስ በርሮ ዓሣ ያጠምድ የነበረው ነጭ ፔሊካን ምግቡን ሌላ ቦታ ለመፈለግ ተገደደ። ዳርቻ ላይ ቆሞ የማያውቅ ሕዝብ ሐይቅ ሲደርቅ አይጮኽም። ያላየውን ማን ያለቅሳል? የሕዝብ ዳርቻ የመዝናኛ ብቻ ሳይሆን የጥበቃም ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

*ከዚህ በፊት የተሠራ ነገር ነው*

እ.ኤ.አ. በ1936 የፈረንሳይ መንግሥት ለሠራተኛው በዓመት የሁለት ሳምንት ክፍያ ያለው ዕረፍት በሕግ ሰጠ። ሕጉ ብቻውን እንደማይበቃ የተረዳው የመዝናኛና የስፖርት ኃላፊው ሊዮ ላግራንዥ በባቡር ትኬት ላይ የ40 በመቶ ቅናሽ አስደረገ። በዚያው ክረምት የፋብሪካ ሠራተኛ ከነቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር አየ። እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣ ሕግ በባሕር ዳር ያሉ የግል ይዞታዎች 3 ሜትር ስፋት ያለው የእግረኛ መተላለፊያ እንዲተዉ ተደረገ። ሆቴሎቹ አልከሰሩም፣ ባለሀብቱም አልሸሸም።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በደቡቡ መስመር የተጓዘ ትልቅ ሰው የአቶ በቀለ ሞላን ስም ያውቃል። ሆቴሎቻቸውን በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በሻሸመኔ፣ እስከ አርባ ምንጭ ድረስ በመንገዱ ላይ ተከሉ። ተሳፋሪው ወደ ሆቴል እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ሆቴሉን ተሳፋሪው ወዳለበት ወሰዱት። የዛሬው የቱሪዝም ዕቅድ የረሳው ይህን ቀላል ብልሃት ነው።

የሚያስፈልገው ብዙ ቢሊዮን አይደለም። በእያንዳንዱ ሐይቅ ላይ በሊዝ የማይሰጥ፣ በካርታ የተለየ የሕዝብ ዳርቻ ይኑር። እዚያም መጸዳጃ፣ ጥላና ቆሻሻ የሚያነሳ ማኅበር ይመደብ። ጀልባ የሚነዱ ወጣቶች የሕይወት አድን ጃኬት እንዲኖራቸውና ዋጋቸውን በሰሌዳ እንዲለጥፉ ይደረግ። ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ እሑድ ማታ የሚመልስ፣ ታሪፉ የታወቀ የመዝናኛ አውቶቡስ ከመናኸሪያዎቹ ይነሳ። መንገዱን የሚጠብቅ አካልም ለባለሥልጣን አጀብ ብቻ ሳይሆን ለዚያ አውቶቡስም ይቁም።

የቱሪዝም ስኬት የሚለካው በስንት ሪባን ተቆረጠ መሆኑ ይብቃ። አንድ ማለዳ አውቶቡስ ተራ ላይ አንድ ተሸካሚ የሌላ ሰው ሻንጣ ሳይሆን የራሱን ልጅ ትከሻው ላይ አድርጎ ሲሳፈር፣ «ወዴት ነው?» ሲባልም «ሐይቅ ላሳያት ነው» ብሎ ሲመልስ፣ ያን ጊዜ አገሪቱ ቱሪዝም አላት ማለት ይቻላል።