ገበናችን በነጭ ሸራ ላይ

ዛሬ ስለ ምርጫ ሕግም፣ ስለ ፓርቲዎች መግለጫም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ፊልም ነው። «ዶክተሩ ፖለቲካው ሲከብደው ሲኒማ ገባ» የሚሉኝ ወዳጆች እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ከሲኒማው የወጣሁት ያንኑ ፖለቲካ ተሸክሜ ነው። በመግለጫና በጥናታዊ ጽሑፍ ልንነካው ያልደፈርነውን ፖለቲካ ማለቴ ነውና እስከ መጨረሻው ብትታገሡኝ ደስ ይለኛል።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. የቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በሆነችው በዋጋዱጉ ነበርሁ። ከየካቲት 15 እስከ 22 በተካሄደው 29ኛው የፓን አፍሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ፌስቲቫል፣ በአጭር ስሙ ፌስፓኮ፣ ስምንት ቀን ሙሉ ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው ስሮጥ ሰነበትሁ። ማንም አልላከኝም፤ ከዕረፍቴም ከቁጠባዬም ቆርጬ የሄድሁበት ጉዞ ነው። ፌስፓኮ እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተ፣ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ፌስቲቫል ነው። ከፍተኛው ሽልማቱ «የዬኔንጋ የወርቅ ድንጉላ» ይባላል። ዬኔንጋ በሞሲ ሕዝብ አፈ ታሪክ ውስጥ አባቷ ንጉሡ «ለጦር ሜዳ እንጂ ለትዳር አልሰጥሽም» ቢላት በፈረስ አምልጣ የራሷን ዕጣ ራሷ የቆረጠች ልዕልት ናት። በአባቷ ቤት ላይ ባመፀች ልጅ ስም የሚሸልም ፌስቲቫል ምን ዓይነት ፊልም እንደሚያምርበት መገመት አያዳግትም።

ከተማዋን የማስታውሳት በአቧራ በተቀላቀለ ሙቀቷና እንደ ንብ መንጋ በሚተምሙ ሞተር ብስክሌቶቿ ነው። አገሪቱ ለዓመታት በታጣቂዎች ጥቃት ስትደማ የኖረች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ሁለት መፈንቅለ መንግሥት አይታለች፤ እኔ በሄድሁበት ጊዜም የምትመራው በሁለተኛው ሥልጣን በያዘው በካፒቴን ኢብራሂም ትራኦሬ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ሕዝቡ ፊልም ለማየት ይሰለፋል። የሚሰለፈው የተማረው ብቻ አይደለም፤ ልጇን በጀርባዋ ያዘለች እናትም፣ ከገበያ በቀጥታ የመጣ ነጋዴም ይሰለፋል። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ዝም ብሎ የሚያይ የለም፤ ይስቃል፣ ይቆጣል፣ ተዋናዩን «ተው!» ይላል።

ፌስቲቫሉ የተከፈተው በኀዘን ጥላ ሥር ነበር። የረጅም ልብ ወለድ ፊልሞችን ዳኞች እንዲመራ የተሰየመው ታላቁ የማሊ የፊልም ሰው ሱሌይማን ሲሴ፣ መክፈቻው ሦስት ቀን ሲቀረው በ84 ዓመቱ ባማኮ ውስጥ ዐረፈ። የወርቁን ድንጉላ እ.ኤ.አ. በ1979 እና በ1983 ሁለት ጊዜ የወሰደ ሰው ነበር። ያረፈበት ዕለት በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12 መሆኑን ሳስብ፣ ሙታናችንን በምናስብበት ቀን አንድ አፍሪካዊ አባት የጨመርን መስሎ ተሰማኝ።

ካየኋቸው ፊልሞች ሦስቱን ብቻ ላንሣ። ሦስቱም የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ድንጉላ ያገኙ ናቸው፤ እኔን ያስደነቀኝ ግን ሽልማታቸው አይደለም።

ወርቁን የወሰደው የዳኒ ኩያቴ «ካታንጋ፣ የጊንጦች ጭፈራ» ነው። አንድ ቡርኪናዊ ይህን ሽልማት ሲያገኝ ከጋስተን ካቦሬ የ1997 ድል ወዲህ የመጀመሪያው ስለነበር የአዳራሹን ደስታ ልትገምቱት ትችላላችሁ። ኩያቴ ከግሪዮ ወገን፣ በእኛ ቢነገር ከአዝማሪ ቤት የተወለደ ነው። የሼክስፒርን ማክቤዝ ወስዶ፣ በጥቁርና ነጭ ቀርጾ፣ በሞሲዎች ቋንቋ በሞሬ አናገረው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ማክቤዝን ወደ አማርኛ ስለመለሰልን ታሪኩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከሤራ ያመለጠ ንጉሥ የቅርብ ዘመዱን ካታንጋን የጦር አዛዥ አድርጎ ይሾመዋል፤ ትንቢት «አንተም ትነግሣለህ» ይለዋል፤ ሚስቱ ትገፋፋዋለች፤ ደም ይፈስሳል፤ የፈሰሰው ደም ሌላ ደም ይጠራል። በተንጋደደ ፈረንሳይኛዬ ከሸራው ግርጌ የሚያልፈውን ጽሑፍ ስከታተል ተመልካቹ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ይስቅ ነበር። ካታንጋ ዙፋኑ ላይ ወጥቶ ከጥላው መሸሽ ሲጀምር ግን ሳቁ ቆመ። ወታደር ደጋግሞ ቤተ መንግሥት በገባበት አገር ያ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። በዚህ ፊልም ውስጥ ጥፋቱን የሚሸከም ቅኝ ገዥ የለም። በወንድሙ ላይ ሰይፍ የሚመዝዘው ወንድም ነው።

የብሩ ሽልማት ለሶማሊያው ተወላጅ ለሞ ሐራዌ «ከገነት አጠገብ ያለችው መንደር» ሄደ። ፊልሙ የሚጀምረው በድሮን ስለተፈጸመ ጥቃት በሚዘግብ የውጭ ቴሌቪዥን ዜና ነው። ከዚያ ዜናው ያልፍና ዜናው የማያየው ይመጣል፦ መቃብር እየቆፈረ የሚያድረው ማማርጋዴ፣ ትንሹ ልጁ ዒጋል፣ ከባሏ ተፋትታ የመጣችውና የራሷን የልብስ ስፌት ሱቅ ለመክፈት የምትታገለው እህቱ አራዌሎ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይወስዳል፤ አይቸኩልም። በባሕር ዳር ነፋስ ውስጥ ሦስት ሰዎች ቤተሰብ ለመሆን ሲሞክሩ ያሳያል። ሶማሊያን ጎረቤት ሆነን ስንኖር የምናውቃት በዚያ የመጀመሪያው ደቂቃ ዜና በኩል ብቻ እንደሆነ ገባኝ፤ አፈርሁም።

ከወንበሬ ያስነሣኝ ግን ሦስተኛው፣ የዛምቢያዊቷ ሩንጋኖ ንዮኒ «ጅግራ ስለመሆን» ነው። ሹላ የምትባል ወጣት ሴት ከግብዣ ወደ ቤቷ ስታሽከረክር መንገድ ላይ ተዘርሮ የቀረ የሰው አስከሬን ታያለች። አጎቷ ፍሬድ ነው። አታለቅስም፤ አትጮኽም። ከዚያ ለቅሶው ይጀመራል። ዘመድ ይጎርፋል፤ ሴቶቹ ያበስላሉ፣ ያነባሉ፣ ያላለቀሰችውን ይገሥጻሉ። ቀስ በቀስ፣ በጓዳ ሹክሹክታ፣ ሟቹ በልጅነታቸው ሹላንና የአክስቶቿን ልጆች ይደፍራቸው እንደነበር እንረዳለን። አክስቶቹ ያውቃሉ። ቢያውቁም ሬሳው ይከብራል፤ ይልቁንም ገና ልጅ የሆነችው ሚስቱ «አልተንከባከብሽውም» ተብላ በሸንጎ ትከሰሳለች። የፊልሙ ስም የመጣው ሹላ ልጅ ሳለች ካየችው የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው፤ ጅግራ አውሬ ሲመጣ እየጮኸች ሌሎቹን እንስሳት ታስጠነቅቃለች ይላል።

ያን ለቅሶ ሳይ ሉሳካን አላየሁም። ያየሁት የእኛን ድንኳን ነው። የእድር ወንበሮች፣ ንፍሮው፣ «ሙት ወቃሽ አትሁኑ» የሚሉት ሽማግሌ፣ ከጓዳ የማትወጣው ልጅ። ቋንቋችን ለዚህ አንድ የከበደ ቃል አለው፦ ገበና። ገበናን መሸፈን የጨዋነት፣ መግለጥ የነውር ምልክት ሆኖ ኖሯል። ከሦስቱ ፊልሞች ጋር የምስማማው፣ እናንተንም የማሳስባችሁ በአንድ ነገር ነው፤ የራሱን ገበና መመልከት ያልቻለ ማኅበረሰብ ፍትሕን ሊያውቅ አይችልም። የእኛ ፖለቲካ ደግሞ የተካነው የሌላውን ገበና በመግለጥ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው፣ እያንዳንዱ ወገን የሌላውን ወንጀል በስምና በቀን ይዘረዝራል፤ የራሱ ሲነሣ ግን «ጊዜው አይደለም» ይላል።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አልሸሽገውም። «ገበናን ለባዕድ ማሳየት አዋቂነት አይደለም፤ እነዚህ ፊልሞች በአውሮፓ ገንዘብ የሚሠሩት አውሮፓ የአፍሪካን ጉድ ማየት ስለሚወድ ነው» የሚሉ አሉ። ክሱ ባዶ አይደለም። በሶማሊያው ፊልም የኦስትሪያ፣ የፈረንሳይና የጀርመን አምራቾች እጅ አለበት፤ እርሱም ሆነ የዛምቢያው ፊልም ዋጋዱጉ ከመድረሳቸው በፊት እ.ኤ.አ. በ2024 በካን ታይተዋል። ሆኖም ችግርን ለእንግዳ ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ የራስን ቤት ሰው አስቀምጦ «ይህን እኛ አድርገናል» ማለት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ምጽዋት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ዳኝነት ይጠይቃል። ያ የዋጋዱጉ ተመልካች ካታንጋን ሲያይ ዝም ያለው አውሮፓውያን እያዩት ስለነበር አልነበረም።

ደግሞስ እኛ ይህን መንገድ አናውቀውምን? ኃይሌ ገሪማ በዚያው በዋጋዱጉ የወርቁን ድንጉላ እ.ኤ.አ. በ2009 ወስዷል፤ በ«ጤዛ»። ያን ፊልም ለመሥራት ከአሥር ዓመት በላይ ደክሟል። ጤዛ ከጀርመን ተምሮ የተመለሰውን የአንበርብርን ታሪክ ይዞ የደርግን ዘመን ሲያሳየን ጨካኙን ሥርዓት ብቻ አልከሰሰም። እርስ በርሱ «አብዮተኛ ነህ፣ አይደለህም» እየተባባለ የተበላላውን የተማረ ትውልድ፣ ማለትም የእኔን መምህራን፣ ፊት ለፊት አቁሞ ጠይቋቸዋል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ኩራትም ቁጭትም ተሰማኝ። ኩራቱ ከመካከላችን ይህን የደፈረ ሰው በመውጣቱ ነው። ቁጭቱ ደግሞ ፊልሙን አጨብጭበን ጥያቄውን ለመርሳት በመቻላችን።

ስለ ገበና ይህን ያህል ካወራሁ የራሴን ሳልናገር ብቀር ግብዝነት ይሆናል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት ወቅት፣ ሁልጊዜ ፊት ለፊቴ ይቀመጥ የነበረ አንድ ተማሪ አንድ ሰኞ ከክፍል ቀረ። ስሙን ስጠራ ክፍሉ ጸጥ አለ። ለምን እንደቀረ ሁላችንም ገምተናል፤ ስሙ ራሱ የየት አገር ልጅ እንደሆነ ይናገር ነበርና። አንገቴን ቀና አድርጌ አየሁ፤ ከዚያ ቀጣዩን ስም ጠራሁ። ያደረግሁት ይኸው ነው፤ ቀጣዩን ስም ጠራሁ። ከወራት በኋላ ልጁ ከስቶ ተመለሰ። ኮሪደር ላይ አጎንብሶ ሰላም አለኝ፤ እኔም ሰላም አልሁት። «የት ነበርህ?» አላልሁትም፤ እርሱም አልነገረኝም። ያን ሰሞን ስለ ሕግ የበላይነት አስተምር ነበር። «ጅግራ ስለመሆን»ን ሳይ ከአክስቶቹ መካከል አንዷ ሆኜ ራሴን አገኘሁት።

አገራችን የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አላት፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አጽድቆታል። ሰነዱ ስለ እውነት ማፈላለግ፣ ስለ ዕርቅና ስለ ተጠያቂነት ብዙ ይላል፤ አንብቤዋለሁ፣ አስተምሬበታለሁም። ነገር ግን ገበናን መሸፈን ከእናት ጡት ጋር የጠባ ሕዝብ ኮሚሽን ስለተቋቋመ ብቻ ተነሥቶ እውነቱን አይናገርም። እንዲህ ያለው ንግግር ልምምድ ይፈልጋል። ልምምዱ ደግሞ በችሎት አዳራሽ አይጀመርም፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ የሌላ አገር ሰው ታሪክ እያየን፣ «ይህ እኮ እኛ ነን» በማለት ይጀመራል። ሲኒማ ከሕግና ከፖለቲካ ሳይንስ የሚበልጥበት አንድ ቦታ ቢኖር ይህ ነው፤ ማንንም ሳይከስስ ሁሉንም ያስመሰክራል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን አዳራሽ አላቸው፤ አብዛኛው ሳምንት ባዶውን ነው። በወር አንድ ቀን የጎረቤቶቻችንን ፊልም፣ የሱዳኑን፣ የሶማሊያውን፣ የዛምቢያውን፣ ከአማርኛ፣ ከአፋን ኦሮሞና ከትግርኛ የግርጌ ጽሑፍ ጋር እናሳይ። ጤዛንም እንደገና እንይ። ከዚያ መብራቱ ሲበራ ተማሪዎቹ ይነጋገሩ፤ መምህሩም ዝም ብሎ ያዳምጥ። ለወጣት የፊልም ባለሙያዎቻችንም አንድ ልመና አለኝ። ስለ ሌላው በደል የሚተርክ ስክሪፕት ሞልቶናል፤ ስለ ገዛ አጎታችሁ የሚተርክ ጻፉልን።

ከዋጋዱጉ የተመለስሁት የካቲት 23 ነበር፤ የዓድዋ ዕለት። ከአውሮፕላን ጣቢያ ስወጣ በየመንገዱ ሰንደቅ ዓላማና የባህል ልብስ ነበር። እኔም እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ ደረቴ ሞላ። አያቶቻችን ከውጭ የመጣውን ጠላት ፊት ለፊት ማየት ችለዋል። ከውስጥ ያለውን ፊት ለፊት ማየት ለእኛ የተረፈ ሥራ ነው። በማግሥቱ ክፍል ስገባ የስም መጥሪያውን አወጣሁ፤ አንዲት ልጅ ቀርታ ነበር። ቀጣዩን ስም ከመጥራቴ በፊት «ምን ሆና ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ቸር እንሰንብት።