ቀን የሌለው ቀጠሮ



በ2005 አዲስ አበባ ላይ ለኮንዶሚኒየም ሲመዘገቡ ላጤ የነበሩ ወንድሞቻችን ዛሬ ልጆቻቸውን መድረሳ ያመላልሳሉ፤ ብዙዎቹ ቤቱን ገና እየጠበቁ ነው። የ20/80 ውል ግልጽ ነበር፦ ተመዝጋቢው ሃያውን በመቶ ይቆጥባል፣ ቀሪውን ከባንክ ይበደራል፣ መንግሥት ይገነባል። ከደመወዛቸው እየቀነሱ ድርሻቸውን የሞሉ ብዙ ናቸው።

ዋናው ማነቆ ብር ነው። ከተማ አስተዳደሩ ቦንድ ያወጣል፣ ንግድ ባንክ ይገዛዋል፣ ቤቱ ለባለ ዕድል ሲተላለፍ ዕዳው ይከፈላል። ግንባታው ሲጓተት ግን ሲሚንቶና ብረት ይወደዳል፣ የቦንዱ ወለድም አይተኛም። ሁለቱም ዞረው የሚያርፉት ቤት ፈላጊው ትከሻ ላይ ነው። ዕጣ ከደረሳቸውም መካከል ኮዬ ፈጬን በመሳሰሉ የከተማ ዳር ሰፈሮች ውሃና መብራት ሳይሟላ የገቡ አሉ።

"ይሄ የፖለቲካ ጉዳይ ነው፣ መስጂድን ምን አገባው?" የሚሉን ወጣቶች አሉ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም አይደለም። ስለ ዕዳ ነው፤ እንዲጻፍ፣ ጊዜውም እንዲታወቅ። ብር ሲጠፋ ሰው ይታገሳል። እኛን ቅር የሚለን ቀኑን የሚናገር መጥፋቱ ነው። በዘንድሮው በጀት ለቀሪው ተመዝጋቢ የተያዘ ብር ካለ ይነገር፤ ከሌለም ይነገር። ሰው "የለም" ከተባለ በማኅበር ይደራጃል፣ ክፍለ ሀገር ይሄዳል፣ ሌላ መላ ይፈልጋል። "ጠብቁ" ብቻ ሲባል ግን ኪራይም እየከፈለ ይቆጥባል፣ ኒካሑንም ያዘገያል። (በነገራችን ላይ፣ ያ ቁጠባ ኒሷብ ሞልቶ ዓመት ከዞረው ዘካ አለበት፤ "ለቤት ያስቀመጥኩት ነው" ማለት አያነሳውም።)

ለሙስሊሙ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለ። ዕጣው ቢወጣስ ቀሪው ብድር በወለድ ነው። በዚህ ምክንያት ከመጀመሪያው ያልተመዘገቡ አሉ፤ ተመዝግበውም "ከደረሰኝ ምን ላድርግ?" ብለው የሚጠይቁን አሉ። ዛሬ ንግድ ባንክም ከወለድ ነጻ አገልግሎት አለው፤ ዘምዘምና ሂጅራም ሙሉ በሙሉ በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ባንኮች ናቸው። ባንኩ ቤቱን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አሳውቆ፣ በጊዜ ክፍያ የሚሸጥበት ሙራበሐ አዲስ ነገር አይደለም። ዕጣ ከወጣ በኋላ ተሯሩጠን የምናነሳው ጥያቄ ግን መሆን የለበትም። ተመዝጋቢ የሆናችሁ ስማችሁን ሰብስባችሁ ከአሁኑ ለባንኮቹም ለከተማ አስተዳደሩም በጽሑፍ አቅርቡ፤ ደብዳቤውን በማርቀቅ ኢንሻአላህ እናግዛለን።