ለአባያ ቀይ ውኃ የቀይ ባሕር ምክር

ከኦቾሎ አምባ ጫፍ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው ስለ አባያ ሐይቅ ማንም እንዲነግረው አያስፈልግም። ውኃው ቀይ ነው። ቡናማ ነው ያለም አልተሳሳተም። ሰማያዊ ነው የሚል ግን ወይ አላየውም፣ ወይ ፎቶውን ቀብቶታል።

ታዲያ አንድ የአካባቢው ወጣት የፊልም ካሜራ አግኝቶ «የውኃ ውስጥ ፎቶ መጀመር እፈልጋለሁ፣ ምን ፊልም ልግዛ?» ሲል የሚያገኘው ምክር ከየት የመጣ ነው? ከባሕር። በጠራ ውኃ የጠለቁ ሰዎች ለራሳቸው ውኃ የጻፉት ነው። «ቀለሙ የሚደምቅ ዘገምተኛ የስላይድ ፊልም ግዛ፣ ሌንሱ ላይ ቀይ ማጣሪያ አድርግ፣ ፍላሽ ጨምር» ይላል። ለቀይ ባሕር ጥሩ ምክር ነው። አባያ ላይ ግን ሦስቱም ገንዘብ ማባከን ነው።

ከማጣሪያው እንጀምር። የጠራ ባሕር አስቀድሞ የሚውጠው ቀይ ብርሃንን ነው፤ ጥቂት ሜትር ከወረዱ በኋላ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይመስላል። ቀይ ማጣሪያ የተፈለገው ለዚህ ነው። ደለል ባጠገበው ውኃ ነገሩ ይገለበጣል። ቀድሞ የሚጠፋው ሰማያዊው ነው፣ ትንሽ ወረድ የሚለው ቀይና ብርቱካናማው። እዚያ ቀይ ማጣሪያ ማድረግ ቀይ ላይ ቀይ መደረብ፣ የተረፈችውንም ጥቂት ሌላ ብርሃን መዝጋት ነው። መጽሐፉ አልዋሸም፤ የተጻፈው ለሌላ ውኃ ነው እንጂ።

ፍላሹስ? በጨንቻ ዳገት ጉም ውስጥ ረጅም መብራት አብርቶ የነዳ ሾፌር መልሱን ያውቃል። መብራቱ መንገዱን ሳይሆን ጉሙን ያሳየዋል። ከሌንሱ አጠገብ የሚተኮስ ፍላሽም ደለሉን እያበራ ወደ ፊልሙ ይመልሰዋል፤ የሚታየው ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው።

ትልቁ ስሕተት ግን ስላይዱ ነው። በ1926 ሎንግሊና ማርቲን የመጀመሪያዎቹን የውኃ ውስጥ የቀለም ፎቶዎች በፍሎሪዳ ደሴቶች ሲያነሡ የቀለም ፕሌታቸው እጅግ ዘገምተኛ ስለነበር ከውኃው በላይ የማግኒዥየም ዱቄት እያነደዱ ነበር ብርሃን ያገኙት። ዛሬ ባለ 400 ፊልም ከባለ 100 በአራት እጅ ያነሰ ብርሃን ይበቃዋል። ብርሃን በሌለበት ውኃ ይህን ትቶ ዘገምተኛውን መምረጥ ምን ይባላል? በዚያ ላይ ስላይድ የብርሃን ስሕተትን ይቅር አይልም። ኔጋቲቭ ግን፣ በተለይ ብርሃን ሲበዛበት፣ ብዙ ይችላል። ጀማሪ ደግሞ መሳሳቱ አይቀርም።

ስለዚህ ምርጫው ባለ 400 ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ነው። ፓንክሮማቲክ መሆኑ ከማሸጊያው ላይ ይታይ፤ ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ቀይ ብርሃን አያይም፣ አባያ ውስጥ ዕውር ነው ማለት ይቻላል። የቀለም ኔጋቲቭ ለማጠብ ወደ 38 ዲግሪ የተጠጋ፣ ብዙም የማይዋዥቅ ሙቀት ይፈልጋል። ጥቁርና ነጩ በ20 ዲግሪ ገደማ፣ ጨለማ በተደረገ ክፍልና በአንዲት ታንክ ቤት ውስጥ ይታጠባል። የአርባ ምንጭ የቧንቧ ውኃ ከዚያ ስለሚሞቅ በረዶ ማዘጋጀት ነው።

«ታዲያ የሐይቁ ቀለም ይቅር?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቀለሙ ከኦቾሎ አምባ ላይ በቀለም ፊልም ይነሣ፤ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ከውኃው በታች ምስክሩ ሌላ ነው፤ ዓይን ምን ያህል ርቀት እንደሚያይ። ሐይቁ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቶ ጥልቀቱ ከ13 ሜትር ገደማ ስለማያልፍ ነፋስ ወለሉን ያምሰዋል። ሐሬና ባሶ ከጋሞ ደጋ፣ ብላቴ፣ ጊዳቦና ገላናም በየአቅጣጫቸው አፈር ይጨምሩበታል። ሰማያዊ የተቀባ ፎቶ የሚደብቀው ይህንን አፈር ነው። የገበሬው ማሳ ነው እኮ የሚንሳፈፈው!

በሴንቲ ሜትር የተሰመረ ነጭ ዘንግ ውኃው ውስጥ ይውረድ፤ ግርጌው መስታወት በሆነ ባልዲ ውስጥ ካሜራው ደርቆ ይቀመጥ፤ መስመሩ የሚጠፋበት ቦታ ይነሣ። በአንድ ዓይነት ፊልም፣ በአንድ ቦታ፣ ከዝናብ በፊትና በኋላ። ይህን የሚያደርግ ጀማሪ መቶ የዓሣ ፎቶ ካነሣ ሰው የበለጠ ነገር ይዞ ይወጣል።

ወደ ሐይቁ መግባት ግን አይታሰብም። አዞውም፣ ጉማሬውም፣ ቢልሃርዝያውም አሉ። ጀልባ ላይ ከተወጣም የት እንደሚቆም የሚወስኑት ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው። የመጀመሪያው ጥቅል ፊልም ደግሞ ጭራሽ ከቤት መውጣት የለበትም። በጄሪካን የመጣ የአባያ ውኃ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ይገልበጥና ይማሰል፤ ዘንጉ በተለያየ ርቀት ይቁም፤ 36ቱም ፎቶዎች በተለያየ የብርሃን ልክ ይነሡ፣ እያንዳንዱም ደብተር ላይ ይጻፍ። ውኃው ሳይማሰል ረጅም ሰዓት ከቆመ ደለሉ ስለሚዘቅጥ በየመሃሉ መማሰል አለበት።