የስምንቱን ሳይከፍሉ ሁለቱን መጠየቅ

ሰቆጣ ላይ በአንድ የሥልጠና አዳራሽ ተቀምጬ «የሠራተኛ ቁርጠኝነት» ስለሚባለው ነገር ሁለት ቀን ሙሉ ሰማሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ሌሎቹ ንጹሐን ይመስላሉና። አሠልጣኙ አንደበተ ርቱዕ ናቸው። ክርስቲያኑን በቅዱስ ጳውሎስ፣ ሙስሊሙን በአማናና በኢኽላስ እያዋዙ «ሥራ አምልኮ ነው» ይሉናል። ከጎኔ የተቀመጠው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ግን የዝቋላን ቆላ በእግሩ የዞረበት የሦስት ወር ውሎ አበል አልተከፈለውም። የሚያስበው የቤት ኪራዩን ነበር።

እኔ የክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ ለሙስሊም እስልምናን ላስተምር አልነሣም። ነገር ግን ከሰው ጎተራ የሚበደር ሰው የወደደውን ዘግኖ ዕዳውን ትቶ ሲሄድ እያዩ ዝም ማለት አይቻልም። አማና የእኛው «አመነ» የሥጋ ዘመድ ነው። አሠሪውንም ሠራተኛውንም እኩል ያስራል። ነቢዩ ሙሐመድ የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲሰጠው ማዘዛቸውን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። በቡኻሪ ስብስብ እንደሚነገረውም፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ሙሉ ተቀብሎ ዋጋውን የከለከለ ሰው በትንሣኤ ቀን ባላጋራው ፈጣሪ ራሱ ነው። አሠልጣኛችን ይህን ዘለሉት። (ሻይ ሰዓት ደርሶ ይሆናል።)

ከሁሉ የሚደንቀኝ በቁርአን አል-ቀሶስ ምዕራፍ ያለው የሙሳ፣ እኛ ሙሴ የምንለው፣ ታሪክ ነው። ከግብፅ ሸሽቶ መድየን ሲደርስ የሽማግሌው ልጅ፣ ብርቱና ታማኝ ነውና ቅጠረው ብላ አባቷን ትመክራለች። እስከዚህ ያለውን የሥልጠና ሰዎች ሁሉ ይወዱታል። ቀጥሎ ያለውን ግን አያነቡትም። ሽማግሌው ልጃቸውን ሊድሩለት ውሉን ፊት ለፊት ይቆርጣሉ፤ የሚፈልጉት ስምንት ዓመት ነው። ዐሥር ቢሞላ ከገዛ ፈቃዱ ነው፤ እሳቸው ሊያስቸግሩት አይሹም። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ስምንቱ ውል ነው፤ ሁለቱ የሙሳ ልብ ነው። ከጥንት የመጣው ትርጓሜ ሙሳ ዐሥሩን እንደሞላ ይናገራል። የእኛ አለቆች ቁርጠኝነት የሚሉት እነዚያን ሁለት ዓመታት ነው። ሽማግሌው ሳይጠይቁ ያገኙትን እነሱ የስምንቱን ሳይከፍሉ በሰርኩላር ይጠይቃሉ!

ሰቆጣ ይህን ነገር የማታውቅ ከተማ አይደለችም። ከአፋር የሚወጣው አሞሌ ጨው በገበያዋ ባለፈበት ዘመን ያ ንግድ ያለ አደራ አንድ ቀን አያድርም ነበር። ከአዳራሹ ወጥቼ እህል የሚነግዱ አንድ ሐጂ ዘንድ ተቀመጥሁ። ተሸካሚዎቻቸውን ከአሱር ሶላት በፊት ይከፍላሉ።

«ሐጂ፣ ማታ አንድ ላይ ቢከፍሉ አይቀልዎትም?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ የሱን ላብ በኪሴ ይዤ ለሶላት ልቁም?» አሉኝ።

ጥቂት ቆይቶ ዝናብ ጣለ። ሒሳባቸውን ተቀብለው ከሄዱት ሁለቱ ማንም ሳይጠራቸው ተመልሰው ጆንያውን ሸራ አለበሱት።

«መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው» የሚለኝ ይኖራል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ተጽፏል፤ እኔም በየቢሮው ካህንና ኡስታዝ ይቀመጥ አላልሁም። ሃይማኖቱን ወደ አዳራሹ ያስገቡት እነሱ ናቸው። ፈርሞ የሚጠፋ ሠራተኛ የለም ወይ? ሞልቷል፤ አማናው እሱንም ይጠይቀዋል።

የዚህች ከተማ ስም እኮ በቃል ኪዳን ላይ ሰፍሯል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 የሰቆጣን ቃል ኪዳን ሲያውጅ፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 ላጠፋ ብሎ ነው። ያን ቃል ተሸክመው የተከዜን ቆላ የሚወርዱት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የግብርና ባለሙያው ናቸው። ስንት ሰዓት እንደገቡ የሚፈርሙበት መዝገብ በየቢሮው በር ላይ አለ። ከመዝገቡ አጠገብ ውሎ አበላቸው የሚከፈልበትን ቀን ጽፎ የለጠፈ አለቃ ካለ ይጥራኝ፤ በራሴ ትራንስፖርት ሰቆጣ ድረስ ተመልሼ እሄዳለሁ።