የሽጉጥ ፈቃድ ዋጋ የሚለየው አደገኛውን ነው ወይስ ደሃውን?

ሻጩ አንድ ብቻ በሆነበት ገበያ ዋጋ በቀላሉ እንደማይወርድ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። በአሜሪካ ሽጉጥን በልብስ ሥር ደብቆ ለመያዝ የሚያስችለው ፈቃድም ሻጩ አንድ ነው፤ መንግሥት። ከገዢዎቹ መካከል ደግሞ ማታ ሱቁን ዘግቶ የዕለቱን ሽያጭ በኪሱ ይዞ የሚሄደው ባለሱቅ፣ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛውና የታክሲ ሾፌሩ ይገኙበታል። በዋሽንግተንና በዳላስ አካባቢ በእነዚህ ሥራዎች የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት ስላልሆኑ ጉዳዩ ለአዲስ አበባ አንባቢም ያን ያህል ሩቅ አይደለም።

ጥሩ ማሳያ የምትሆነው ቴክሳስ ናት። በ1995 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አገረ ገዥው ጆርጅ ቡሽ የፈረሙት ሕግ ከጥር 1996 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል የፈቃዱ ክፍያ 140 ዶላር ነበር። ያን ጊዜ የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 4.25 ዶላር ስለነበር ክፍያው የ33 ሰዓት ላብ ማለት ነው። የሥልጠናውና የጣት አሻራው ወጪ ለብቻው ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ፈቃድ ከፈለጉ 280 ዶላር ይቆጥራሉ፤ ለቤተሰብ ተብሎ የሚደረግ ቅናሽ የለም። ድህነቱን በወረቀት ላስመሰከረ ዋጋው በግማሽ ይቀነስ ነበር። ዳሩ ግን የሚጎዳው ከመስፈርቱ በጥቂት ዶላር ከፍ ብሎ የተገኘው ሰው ነው፤ ለቅናሹ ሀብታም፣ ለሙሉው ዋጋ ደሃ ሆኖ ይቀራል።

ቴክሳስ በመስከረም 2017 ክፍያውን ወደ 40 ዶላር አወረደችው። የአመልካቹን የወንጀል ታሪክ ማጣራትና ካርዱን ማተም በአንድ ሌሊት የ100 ዶላር ሥራ አልቀነሰም። እንግዲህ ወይ ገዢው ከሃያ ዓመት በላይ አለአግባብ ሲከፍል ኖሯል፣ ወይ ልዩነቱን ግምጃ ቤቱ መሸፈን ጀምሯል። ከመስከረም 2021 ወዲህ ደግሞ ሕጉ የማይከለክለው ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ያለ ፈቃድም መያዝ ይችላል፤ ፈቃዱ ለፈለገ ብቻ ሆኗል። ይህ ዋጋውን ለማቃለል ተብሎ ሥልጠናውንም ጭምር መጣል ነው። ባለሱቁን ያስቸገረው ሂሳቡ እንጂ ፈተናው አልነበረም።

የኒውዮርክ ነገር ከዚህ ይብሳል። የክፍለ ሀገሩ ሕግ ለሽጉጥ ፈቃድ የሚጠየቀውን ክፍያ በ10 ዶላር ሲገድብ፣ የኒውዮርክ ከተማንና ናሶ የተባለውን አውራጃ ግን ከገደቡ ውጪ አደረጋቸው። ከተማዋ ሽጉጥ በቤት ለማስቀመጥ ብቻ ለሚሰጥ የሦስት ዓመት ፈቃድ 340 ዶላር አስከፈለች። ነዋሪዎች ከሰሷት፤ በ2013 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክፍያው ከማጣራቱ ወጪ አይበልጥም በማለት ለከተማዋ ፈረደ። የሂሳብ መዝገቡ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የማጣራቱ ሥራ የሚጠብቀው መንገደኛውን ሁሉ ሆኖ ሳለ ሂሳቡን አመልካቹ ብቻውን እንዲሸከም ማድረግ አስተዛዛቢ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2022 በሰጠው ውሳኔ፣ ከመጠን ያለፈ ክፍያ ተራውን ዜጋ መብቱን የሚነፍገው ከሆነ ክስ ሊቀርብበት እንደሚችል በግርጌ ማስታወሻ ጠቁሟል።

በመንግሥት ታሪፍ ላይ የማይታይ ዋጋም አለ። በዋሽንግተን ዲሲ ማመልከቻው 75 ዶላር ቢሆንም አመልካቹ የተኩስ ልምምዱን ጨምሮ የ18 ሰዓት ሥልጠና መውሰድ አለበት። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ የሚኖረው ጎረቤቱ ለአምስት ዓመት ፈቃድ ከ50 ዶላር አይበልጥበትም። ለዲሲው ባለሱቅ 18 ሰዓት ማለት ለአሠልጣኙ ከሚከፍለው ሌላ ሱቁ ተዘግቶ የሚውልበት ሁለት ቀን ነው። ሥልጠናው ይቅር የሚያሰኝ ምክንያት የለም። ይልቅስ ከተማው ራሱ በዝቅተኛ ዋጋ ቢያሠለጥን፣ ሰዓቱንም ለሠራተኛ እንዲመች በማታ ቢከፋፍለው ከ75 ዶላሩ ላይ ከሚደረግ ቅናሽ የበለጠ ይጠቅማል።