ሕመሙ ነው ወይስ ሱሱ?

ስለ ጫትና ስለ መጠጥ በየጉባኤያችን ብዙ ተብሏል። ዛሬ የምናነሣው ሱስ ግን አይሸትም፤ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ከእስክሪብቶ ጋር ይቀመጣል። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ነው።

ትራማዶል በራሱ ክፉ አይደለም። ለከባድ ሕመምና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሐኪም ያዝዘዋል። ነገር ግን የሞርፊን ወገን ነውና ሰውነት ይለምደዋል። አንድ ፍሬ ይበቃው የነበረ ሰው ሁለት፣ ከዚያም አምስት ይሻል። ሲያጣው ያልበዋል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ እንቅልፍ ይነሣዋል።

እስቲ ገርጂ ወይም ሲኤምሲ አካባቢ ያለ አንድ ቤት እናስብ። ባል ወገቡን ተጎድቶ መድኃኒቱን ጀመረ። ሕመሙ ቀለለ፤ ኪኒኑ ግን አልቆመም። ሚስት ኪሱን ትፈትሻለች፤ እርሱ የሚደብቅበትን ቦታ ይለዋውጣል። እሑድ ጎን ለጎን ቆመው ይዘምራሉ። ይህ ቤት ምን ያድርግ?

ከሁሉ በፊት፣ “ዛሬውኑ ጣለው” አትበሉት። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም ክፉኛ ይታመማል። ለሳምንታት ትቶ ወደ ቀድሞው መጠን የሚመለስ ደግሞ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል፤ ሰውነቱ ልምዱን ረስቷልና። መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ እያለ ይቀንስ። በምሥራቅ አዲስ አበባ ለምትኖሩ፣ በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ሕሙማን ማከሚያ ሆኖ ያወቅነው የየካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምናም ይሰጣል። አማኑኤል ሆስፒታልም አለ። መታከም የእምነት ማነስ አይደለም።

ከመድኃኒቱ ሌላ ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ሰው ነው። በአሜሪካ ፊላደልፊያ ለኦፒዮይድ ሱስ ሜታዶን በሚሰጥበት አንድ ክፍል ሁለት አማካሪዎች በድንገት ሥራ ለቀቁ፤ ታካሚዎቻቸውም ለቀሩት ተከፋፈሉ። ክፍሉ ያው፣ የሚሰጠው መድኃኒትም ያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመው ጥናት ግን ውጤቱ እንደ አማካሪው ተለያየ። በአንዱ እጅ ያሉት ሲሻሻሉ በሌላው እጅ ያሉት ወደ ኋላ ተመለሱ። ስለዚህ አማካሪ ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ወዴት እንደምንሄድ ተስማምተናል? መንገዱንስ ተስማምተናል? እውነቱን ብነግረው ያከብረኛል? ሦስተኛው ከጎደለ ታካሚው መደበቁን አይተውም።

ሁለተኛው ጸጥታ ነው። በዩታ ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ጋርላንድ የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውንና ማስታገሻውን አላግባብ የሚወስዱ 250 ሰዎችን ለ8 ሳምንታት በቡድን አስተማሩ። እኩሌቶቹ በደግ መሪ ሥር ተሰብስበው ችግራቸውን ተነጋገሩ። ሌሎቹ ደግሞ ትንፋሻቸውን እያስተዋሉ መርጋትን፣ መልካሙን ነገር ቆም ብለው ማጣጣምን ተማሩ። ኪኒኑን ከመዋጣቸው በፊትም ለ3 ደቂቃ ያህል ቆም ብለው “ሕመሙ ነው ወይስ ሱሱ?” ብለው ራሳቸውን እንዲመረምሩ ተነገራቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 እንደታተመው፣ ከ9 ወር በኋላ ከተነጋገሩት ከ100 24 ያህሉ፣ መርጋትን ከተማሩት ግን 45ቱ አላግባብ መውሰዳቸውን ትተው ተገኙ።

“ይህ የሌላ እምነት ማሰላሰል አይደለምን?” የሚል ይኖራል፤ መጠየቁ ተገቢ ነው። በጥናቱ የተሰጠው ልምምድ ግን ትንፋሽንና ሐሳብን ማስተዋል እንጂ አምልኮ አልነበረም። ማሰላሰልም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ይስሐቅ በመሸ ጊዜ ሊያሰላስል ወደ ሜዳ ወጥቶ ነበር፤ መዝሙረ ዳዊትም የሚከፈተው ቃሉን ሌት ተቀን በሚያሰላስል ሰው ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ጮኸን ጸልየን ዝም ሳንል እንነሣለን። ምኞት እንደ ደራሽ ውኃ ነው፤ ሲመጣ ያስፈራል፣ ከቆሙለት ግን ያልፋል። እስኪያልፍ መቆም ደግሞ በልምምድ የሚገኝ ነው።

ባለትዳሮች ሆይ፣ የትዳር ጓደኛችሁ ሐኪምም ፖሊስም አትሁኑ። ሐኪሙ የሐኪሙን ይሥራ። የእናንተ ድርሻ እውነት የሚነገርበት ቤት መሥራት ነው። ማታ ልጆች ሲተኙ ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ 3 ደቂቃ ያህል አብራችሁ ጸጥ በሉ። ከዚያ “ዛሬ ስንት ወሰድህ?” ከማለት “ዛሬ የከበደህ ሰዓት የቱ ነበር?” በይው። አንተም እንዲሁ ጠይቃት። የመጀመሪያው ጥያቄ ውሸትን ይጠራል፤ ሁለተኛው ሰውየውን።

ሽማግሌዎችም፣ ጸልያችሁ ከሸኛችሁት በኋላ ማክሰኞ ደውሉለት። ሐሙስም ድገሙ። ወድቆ ቢመጣ እንኳ ምስክርነቱን ከማበላሸቱ በፊት በሕይወት መምጣቱን ቁጠሩለት።

ሰላም ሁኑ።