የባሮ ወንዝ አመዳይ አያውቅም

ድርሰት የአገር መስተዋት ነው ይባላል። መስተዋት ግን በፊቱ የቆመውን እንጂ በፊቱ ያልቆመውን ሊያሳይ አይችልም። በየጊዜው እጃችን ከሚገቡት የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች አንዳንዶቹን ስናነብ ይህ ቀላል እውነት የተዘነጋ ይመስለናል። የግል መርማሪው ረጅም ካፖርት ለብሶ፥ አንገትጌውን ወደ ላይ አቁሞ፥ ፒፓውን እያጨሰ ይመጣል። ባለጉዳይ ሲለምነው በመጀመሪያ «ይህን ሥራ ትቼዋለሁ» ብሎ ፊቱን ያዞራል፤ ኋላ ግን እየከፋው ይነሣል። የሚሄድባትም ከተማ ከዓለም የራቀች፥ በብርድ የተቆለፈች፥ ነዋሪዎቿ በመስኮት ተደብቀው የሚያዩ፥ ጠይቀውት የማይመልሱ ናት። ደራሲው ለዚህ ሁሉ ከእኛ አገር ያዋጣው ነገር ቢኖር የሰውየውን ስምና የከተማይቱን ስም ብቻ ነው። እኛም ብዕራችንን ያነሣነው ይህን ልማድ ለመንቀፍ ነው።

ነቀፋችን በምርመራ ልብ ወለድ ላይ እንዳልሆነ አስቀድመን እንናገራለን። «ይህ ዓይነቱ መጽሐፍ የሥራ ፈት መጫወቻ ነው፤ ተማሪን ያባልጋል» ከሚሉት ጋር አንተባበርም። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1841 የመጀመሪያውን የምርመራ ታሪክ ሲያሳትም፥ ብሪታንያዊው አርተር ኮናን ዶይልም በ1887 ሸርሎክ ሆምስን ለዓለም ሲያስተዋውቅ፥ ያበረከቱት ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በሐሜት የማይፈርድ፥ በጩኸት የማይደነግጥ፥ «ማስረጃው የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አቁመው አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ሰው በየመሥሪያ ቤቱም ሆነ በየትምህርት ቤቱ ቢበዛልን ማን ይጠላል?

ዳሩ ግን መኰረጅና መማር የተለያዩ ናቸው። ፈረንጆቹ በክረምታቸው መሬቱን እንደ ባዘቶ የሚያለብሰውን ነጭ አመዳይ በድርሰታቸው ያስገቡት ለጌጥ አይደለም። ወይዘሮ አጋታ ክሪስቲ በ1934 ባሳተሙት ዝነኛ መጽሐፍ ባቡሩን በአመዳይ ክምር መካከል አስቁመውታል። ማንም አይገባም፤ ማንም አይወጣም፤ ስለዚህ ገዳዩ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ነው። በሌላው ድርሰት ደግሞ አመዳይ የእግር ዱካ ይይዛል፤ የጊዜውን ልክ ይናገራል። አመዳዩ ዘበኛም ምስክርም ነው ማለት ነው። የእኛ ኰራጅ ግን ብርዱን ሲወስድ ሥራውን ትቶታል፤ ካፖርቱን ሲሰፋም ለማን ልክ እንደሚሆን አልጠየቀም።

ለምሳሌ ያህል ጋምቤላን እንውሰድ። ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ፥ ባሮ ከደጋው ወርዶ ሜዳውን በሚጀምርበት ስፍራ የተቆረቆረች የቆላ ከተማ ናት። በዚያ ሰውን ከጥላ ሥር የሚያውለው ሙቀት እንጂ ብርድ አይደለም። ካፖርት የለበሰው መርማሪ በቀትር ቢደርስ፥ ወንጀለኛውን ከመያዙ በፊት ራሱ ተይዞ ወደ ሐኪም ቤት በተወሰደ ነበር!

«ክረምት» የሚለው ቃልም ቢሆን በዚያ ምድር የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። በፈረንጁ ድርሰት ክረምት መንገድን ይዘጋል፤ በጋምቤላ ግን ክረምት መንገድን የሚከፍት ነበር። ባሮ ለመርከብ የሚበቃ ውሃ የሚኖረው ዝናሙ ሲበረታ ስለሆነ፥ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ጋምቤላ የሚደርሱት በእነዚያ ወራት ነበር። ቡናውና ሰሙ ከጎሬና ከሰዮ ደጋ ወርዶ ይጫናል፤ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ይራገፋል። በጋው ሲገባ ወንዙ ይጎድላል፤ በጊዜ ያልተነሣ መርከብ በአሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ዝናም ሊጠብቅ ይችላል።

እንግዲህ አንባቢያችን ያስተውል! ከዚህ የበለጠ የምሥጢር ሰዓት ከወዴት ይገኛል? መጋዘን ተሰብሮ ሂሳብ ያዥ ሞቶ ተገኘ እንበል። የዓመቱ የመጨረሻ መርከብ ወደብ ላይ ቆሟል፤ ውሃው በየቀኑ ይጎድላል። መርከቡ ከሄደ ተጠርጣሪው ከአገር ይወጣል፤ መርከቡ ከቆየ ደግሞ የነጋዴው ሁሉ ሀብት በአሸዋ ላይ ይቀራል። መርማሪው የሚፋጠነው ከወንዝ ጋር ነው። የእግር ዱካ ቢያስፈልገው የባሮ ዳር ጭቃ ከአመዳይ አሳንሶ አይጽፍለትም።

ይህ ብቻም አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት የወሰን ውል፥ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር፥ በወንዙ በኩል ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፥ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቅደው ነበር። ውሉ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነበር። ጣቢያውም በጋምቤላ ተቋቋመ። የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ከወረረ በኋላ ከተማይቱም በእጁ ገባች፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣ ጦር አስለቀቃት። ሱዳን ነፃነቷን ስታገኝ ውሉ ፈረሰ፤ በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ጣቢያውን ተረከበች። የዚህን ወደብ የንግድ ታሪክ እንደ ባሕሩ ዘውዴ ያሉት የታሪክ ሊቃውንት መርምረው ጽፈውታልና፥ «ማስረጃ አጣሁ» የሚል ደራሲ ምክንያት የለውም።

በአንድ ከተማ ሁለት አስተዳደር! በጣቢያው ክልል ውስጥ የተፈጸመ ወንጀል የማን ጉዳይ ነበር? ወንጀለኛው ወሰኑን በአንድ እርምጃ ቢሻገርስ? ሟቹ የግሪክ ነጋዴ፥ ምስክሩ የአኝዋክ ዓሣ አጥማጅ፥ ከሳሹ የሶርያ ተወላጅ፥ ጭነቱን ያወረደው የኦሮሞ ሲራራ ነጋዴ፥ ጠያቂው የእንግሊዝ ሹም ቢሆን፥ ቃላቸውን ሁሉ የሚሰማው ማነው? አስተርጓሚው ነው። በጋምቤላ ምሥጢር ውስጥ «ሳልወድ በግድ መርማሪ ሆንሁ» ሊል የሚገባው ይህ ሰው ይመስለናል። የሁሉን ቃል ይሰማል፤ ከሚናገረውም በላይ ያውቃል፤ አንዲት ቃል ቢያሳስት ሰው ይሞታል፤ እውነቱን ቢናገር ደግሞ እንጀራውን ያጣል። እንዲህ ያለ ሰው በእጃችን ሳለ የለንደንን ካፖርት መዋስ ምን አመጣው?

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ጋምቤላን ለድርሰቱ የመረጠ ደራሲ ሁሉ ጋምቤላን አከበረ ማለት አይደለም። አዞውን፥ ጦሩንና ሙቀቱን ለጌጥ ደርድሮ፥ መርማሪውን ከአዲስ አበባ አምጥቶ፥ የአገሩን ሰው በዛፍ ሥር ዝም ብሎ የሚቆም ጥላ የሚያደርግ ድርሰት ከኰራጁ የባሰ ነው። አኝዋኩና ኑዌሩ፥ መዣንጉ፥ ኦፖውና ኮሞው የየራሳቸው ቋንቋ፥ ሽማግሌና የፍርድ ሥርዓት ያላቸው ሕዝቦች ናቸው። የወንዙን መሙላትና መጉደል፥ የሣሩን መታጠፍ፥ የከብቱን መንገድ ከእነርሱ አብልጦ የሚያነብ መርማሪ ከወዴት ይመጣል? ደራሲው ይህን ዕውቀት ለባለቤቶቹ ይስጥ፤ አለዚያ ሥፍራውን ይተውላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የፈረንጁ መርማሪ ሥራውን የሚጠላው ስለ ደከመው ወይም ስለ ተቀየመ ነው። የእኛ ሰው ግን የሰውን ጉዳይ ከመመርመር የሚሸሽበት ምክንያት ከዚህ ይጠልቃል። «ከነገሩ ጦም እደሩ» የሚለው ተረት በከንቱ አልተነገረም። ቀድሞ በአንድ ቀበሌ ወንጀል ሲፈጸም አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይጠራ ነበር። የአገሩ ሰው በሜዳ ተሰብስቦ፥ እርሻውንና ከብቱን ትቶ፥ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ይቀመጣል፤ የቀረም ይቀጣል። እያንዳንዱ ሰው ሳይወድ መርማሪ፥ ሳያጠፋም ተጠርጣሪ ነበር። በሌባ ሻይም ጊዜ አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ጠጥቶ ይለቀቃል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሳይወድ በግድ መርማሪ የተደረገ ሰው ካለ፥ ያ ምስኪን ልጅ ነው! የፈረደበትም ማስረጃ ሳይሆን ስካሩ ነበር።

ደራሲዎቻችን ይህን መንካት አይችሉም የሚለን ቢኖር አቶ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምን እንጠቅስበታለን። በ1960ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት መጨረሻ በእንግሊዝኛ ያሳተሙት «አፈርሳታ» የተባለው ልብ ወለድ፥ ቤት ያቃጠለውን ሰው ለማግኘት የገጠር ሕዝብ ሲሰበሰብ ያሳያል። መርማሪው ሕዝቡ ራሱ ነው። የግል መርማሪም፥ ፒፓም፥ አመዳይም አላስፈለጋቸውም።

ከዚህ ዘመን ወዲህ ሕጋችን ረጅም መንገድ ተጉዟል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መርማሪ ፖሊስ ተጠርጣሪን በማስፈራራት ወይም በመደለል ቃል እንዳይቀበል ከልክሏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቈጠር መብት እንዳለው፥ በራሱም ላይ እንዲመሰክር እንደማይገደድ ደንግጓል። የእኛው ልብ ወለድ መርማሪ ግን በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ምን ያደርጋል? ማስረጃ ሲያልቅበት ተጠርጣሪውን በጥፊ ይመታዋል፤ ተጠርጣሪውም አልቅሶ ይናዘዛል፤ ደራሲውም «ምሥጢሩ ተፈታ» ብሎ ይጽፋል። አልተፈታም! ሌባ ሻይ በካፖርት ተመልሶ መጣ እንጂ። ይህን የሚያነብ ተማሪ ነገ ፖሊስ፥ ዳኛ፥ ሹም ይሆናል። በጥፊ የወጣ ቃል እውነት ነው ብሎ ካደገ፥ የሕጉ አንቀጽ ብቻውን አያድነውም። የእኛ ቍጣ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ኢሉባቦር የተወለዱት አቶ በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ጋዜጠኛውን ፀጋዬን በአሥመራ በሰላዮችና በጦርነት መካከል ሲመላለስ አሳዩን፤ ከተማይቱም አሥመራ ናት እንጂ የሌላ አገር ጥላ አይደለችም። መጽሐፉ ታገደ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደወጡ አልተመለሱም፤ መጨረሻቸውም እስከ ዛሬ ያነጋግራል። የራሱ ደራሲ የት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ አገር፥ የምሥጢር ድሃ ነው ሊባል ይችላልን? የጎደለን ምሥጢር አይደለም፤ የጎደለን በትዕግሥት የሚጠይቅና ማስረጃ የሚያከብር ብዕር ነው።

ስለዚህ የምርመራ ልብ ወለድ ለመጻፍ የምትነሡ ወጣቶች ሆይ፥ ካፖርቱን ለባለቤቱ መልሱ። ከመጻፋችሁ በፊት የምትጽፉበትን ከተማ ወንዝና ገበያ፥ ቋንቋና መዝገብ እወቁ፤ ባሮ መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚጎድል የማያውቅ ሰው በባሮ ዳር ማን እንደ ገደለ ሊነግረን አይችልም። መምህራንም ተማሪዎቻችሁ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሲያነቡ ከመከልከል ይልቅ «መርማሪው ይህን በምን አወቀ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። በዚህ ጥያቄ የቆመ ድርሰት ይቆማል፤ የወደቀም ይውደቅ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፥ ቀርቦ የሚያይ ዐይን ከሌለ የጠራውን ማን ያየዋል?